«ኳሊቲ ስታርት»፦ የወርዋሪ ውሎ ብቁ የሚባለው መቼ ነው?

በኖቬምበር 2025 ይፋ የሆነው የሳይ ያንግ ሽልማት ለቤዝቦል አዲስ የሆነን ሰው ግራ ሳያጋባ አልቀረም። ሽልማቱ በአሜሪካው ሜጀር ሊግ በየዓመቱ ለሁለት ወርዋሪዎች፣ ማለትም ኳሱን ወደ መቺው ለሚወረውሩ ተጫዋቾች ይሰጣል፤ ሜጀር ሊግ ሁለት ክፍል አለውና ለአንዱ ከአሜሪካን ሊግ፣ ለሌላው ከናሽናል ሊግ። በናሽናል ሊግ በኩል መራጮቹ በሙሉ ድምፅ የመረጡት የፒትስበርግ ፓይሬትሱን ፖል ስኪንስን ሲሆን፣ በስሙ የተመዘገበው ውጤት 10 ድልና 10 ሽንፈት ነው። ያሸነፈውን ያህል የተሸነፈ ሰው የዓመቱ ምርጥ እንዴት ይባላል?

እንዲህ ያለ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ከተንታኞች አፍ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ «ኳሊቲ ስታርት»። አንዳንዱ እንደ ትልቅ ሙገሳ፣ አንዳንዱ እንደ ባዶ ማቆላመጫ ይቆጥረዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ዋሽንግተንና ሲያትልን በመሳሰሉ ቡድን ባላቸው ከተሞች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሌላ ግርታ ይጨምራል። ስለዚህ ከስሙ መጀመር ይሻላል።

ጅምር ሳይሆን ውሎ

ቃል በቃል ከተመለሰ «ጥራት ያለው ጅምር» ይሆናል፤ ይህ ግን ያሳስታል። «ስታርት» እዚህ ላይ የጨዋታውን የመጀመሪያ ደቂቃዎች አይመለከትም። ጨዋታውን የጀመረው ወርዋሪ ወደሚወረውርበት ጉብታ ከወጣበት እስከ ወረደበት ያለውን ሥራ በሙሉ ያመለክታል። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ ውሎ። የጦር ሜዳ ውሎና የፍርድ ቤት ውሎ እንደምንል ሁሉ ወርዋሪም ውሎ አለው። «ኳሊቲ» የሚለውም ድንቅ ወይም እንከን የለሽ ማለት አይደለም፤ የተቀመጠውን ደረጃ ያሟላ ማለት ነው። «ብቁ ውሎ» ብንለው ከሐሳቡ ጋር እንገናኛለን።

ጨዋታውን የሚጀምረውን ሰው «ጀማሪ ወርዋሪ» ማለትም አይሆንም። ጀማሪ በቋንቋችን ገና የሚለማመድ ነው። ከእግር ኳስ የለመድናቸው «ቋሚ» እና «ተቀያሪ» ይበልጥ ይስማማሉ፤ ጨዋታውን የሚጀምረው ቋሚ ወርዋሪ፣ እርሱን የሚተካው ተቀያሪ ወርዋሪ ይሁን።

አንድ የቤዝቦል ጨዋታ በመደበኛው 9 ኢኒንግ አለው። ኢኒንግ ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር ነው፤ መቺው ቡድን ሦስት ሰው ሲወጣበት፣ ማለትም ሦስት «አውት» ሲሆንበት ተራው ያበቃል። በመሆኑም አንድ ቡድን ጨዋታውን ለመጨረስ 27 አውት ማስመዝገብ አለበት። ቋሚ ወርዋሪ ብቁ ውሎ አደረገ የሚባለው ቢያንስ 6 ኢኒንግ ሠርቶ፣ ማለትም 18 አውት አስመዝግቦ፣ ከ3 የበለጠ ተጠያቂ ነጥብ ሳይቆጠርበት ሲቀር ነው። ተጠያቂ ነጥብ የሚባለው በሜዳ ተጫዋቾች ስህተት የመጣውን ሳይጨምር በወርዋሪው ላይ የሚመዘገበው ነጥብ ነው። ሦስተኛ መስፈርት የለም። ቡድኑ ማሸነፉም ሆነ መሸነፉ በሒሳቡ ውስጥ አይገባም።

የውጤት ሰሌዳ ላይ 5.2 የሚል ቁጥር ያየ ሰው አምስት ኢኒንግ ከአሥር ሁለት እጅ እንዳይመስለው። አምስት ኢኒንግና ሁለት አውት ማለት ነው። አንድ አውት ብቻ ቀርቶታል፤ ብቁ ውሎ ግን አይባልም።

ድል የማን ነው?

መለኪያውን በ1985 ያቀረበው የፊላደልፊያ ኢንኳየረር ጋዜጣ የስፖርት ጸሐፊ የነበረው ጆን ሎው ነው። ከእርሱ በፊትም በኋላም ወርዋሪ በዋናነት ይመዘን የነበረው በድልና በሽንፈት ብዛት ነበር። የድል አመዘጋገቡ ሕግ ደግሞ እንግዳ ነው። ቡድኑ እስከ መጨረሻው ያላስነጠቀውን መሪነት ሲይዝ በሥራ ላይ የነበረው ወርዋሪ ድሉን ይወስዳል፤ ቋሚ ወርዋሪ ከሆነ ግን ቢያንስ 5 ኢኒንግ መሥራት አለበት። በዚህ ሕግ 5 ኢኒንግ ብቻ ሠርቶ 6 ነጥብ የተቆጠረበት ወርዋሪ ጓደኞቹ 8 ቢያስቆጥሩለት አሸናፊ ይሆናል። 8 ኢኒንግ ሠርቶ 1 ነጥብ ብቻ የተቆጠረበት ደግሞ ጓደኞቹ ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ ተሸናፊ ተብሎ ይመዘገባል። ወርዋሪው በማይቆጣጠረው ነገር ይመሰገናል፣ በማይቆጣጠረው ነገር ይወቀሳል።

በ1987 የሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። የሂዩስተን አስትሮሱ ኖላን ራያን በናሽናል ሊግ ዝቅተኛውን የተጠያቂ ነጥብ አማካይ አስመዘገበ፤ 2.76። ይህ አማካይ፣ በተለምዶ ኢአርኤ የሚባለው፣ ወርዋሪው ሙሉ 9 ኢኒንግ ቢሠራ ስንት ተጠያቂ ነጥብ እንደሚቆጠርበት የሚያሳይ ስሌት ነው። 270 መቺዎችንም ኳስ አስቶ አሰናበተ። የዓመቱ መዝገቡ ግን 8 ድልና 16 ሽንፈት ነበር። የድልን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ከደካሞቹ ተርታ ያሰልፈዋል።

ፍርዱ እየተለወጠ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ2010 የሲያትል ማሪነርሱ ፌሊክስ ኸርናንዴዝ 13 ለ12 በሆነ መዝገብ ሳይ ያንግን አሸነፈ፤ ከ34 ውሎዎቹ 30ዎቹ ብቁ ነበሩ። በ2018 የኒውዮርክ ሜትሱ ጄከብ ደግሮም 10 ለ9 በሆነ መዝገብና በ1.70 አማካይ ተከተለ፤ የውድድር ዓመቱን የጨረሰው በተከታታይ 24 ብቁ ውሎዎች ነው። በ2022 የሂዩስተን አስትሮሱ ፍራምበር ቫልዴዝ ይህን በ25 አሻሻለው። የስኪንስ 10 ለ10 የዚህ መስመር ቀጣይ ነው፤ የ2025 አማካዩ 1.97 ነበር። ሽልማቱ ያስደነገጠው ወርዋሪ የሚመዘነው አሁንም በድል ብዛት ብቻ ለሚመስለው ሰው ነው።

የ4.50 ወቀሳ

መለኪያው ገና ከመውጣቱ አንድ ወቀሳ ተከትሎታል፣ እስካሁንም አልለቀቀውም። በ6 ኢኒንግ 3 ነጥብ ማለት በ9 ኢኒንግ 4.50 ማለት ነው፤ 4.50 ደግሞ የሚያኮራ አማካይ አይደለም። ታዲያ «ኳሊቲ» ምኑ ነው? ይላሉ ነቃፊዎቹ።

ሒሳቡ ልክ ነው፤ ድምዳሜው ግን ማለፊያ ነጥብን ከአማካይ ውጤት ጋር ያደባልቃል። የአንድ ፈተና ማለፊያ 50 ነው ማለት ያለፉት ሁሉ 50 አመጡ ማለት አይደለም። ልክ 6 ኢኒንግ ሠርተው ልክ 3 ነጥብ የተቆጠረባቸው ወርዋሪዎች በብቁ ውሎዎች መካከል ጥቂት ናቸው። ብቁ ውሎዎች ሁሉ በአንድ ላይ ሲሰሉ አማካያቸው 2 አካባቢ ይሆናል፤ ቋሚ ወርዋሪው ብቁ ውሎ ያደረገለት ቡድንም ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያህል ያሸንፋል። የመለኪያው ተከላካዮች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት ይህን ነው፣ በዚህም ነጥብ ላይ እውነቱ ከእነርሱ ጋር ይመስለኛል።

የመለኪያው እውነተኛ ድክመት ሌላ ቦታ ነው ያለው። አንዱ ድክመቱ እንደ ግድግዳ መቆሙ ነው። 9 ኢኒንግ ሙሉ ሠርቶ 4 ነጥብ የተቆጠረበት ወርዋሪ አማካዩ 4.00 ነው፤ ከ4.50 ይሻላል፣ ለቡድኑም ተቀያሪዎቹን ሁሉ አሳርፎለታል፤ ነገር ግን ብቁ ውሎ አልተባለም። በሌላ በኩል በጓደኞቹ ስህተት ሰበብ 4 ነጥብ፣ በራሱ 3 ነጥብ፣ በድምሩ 7 የተቆጠረበት ወርዋሪ 6 ኢኒንግ እስከሞላ ድረስ ብቁ ይባላል።

ከዚህ የከበደው ዘመንን አለመመልከቱ ነው። በ1968 ወርዋሪዎች ነገሥታት ነበሩ፤ የሴንት ሉዊሱ ቦብ ጊብሰን በዚያ ዓመት በ1.12 አማካይ ጨርሷል። አንድ ቡድን በጨዋታ ያስቆጥር የነበረው በአማካይ 3.42 ነጥብ ብቻ ነበር። ይህ ወደ 6 ኢኒንግ ሲመነዘር 2.3 ያህል ይሆናል፤ በ6 ኢኒንግ 3 ነጥብ የተቆጠረበት ወርዋሪ ከዘመኑ መካከለኛ በታች ነበር ማለት ነው። በ2000 ደግሞ አማካዩ 5.14 ደረሰ፤ ለ6 ኢኒንግ 3.4 ገደማ። ያው 3 ነጥብ ከመካከለኛው በላይ ሆነ። ቁጥሩ አልተነቃነቀም፣ የሚለካው ነገር ግን ተለወጠ። በቅርብ ዓመታት የቡድን አማካይ 4.4 አካባቢ ነው፤ ለ6 ኢኒንግ ሲመነዘር ከ3 በጥቂቱ ያንሳል። ስለዚህ ዛሬ 3 ነጥብ ተቆጥሮበት መውረድ ለወርዋሪ መካከለኛ ሥራ ነው። ብርቅ የሆነው ሌላው መስፈርት፣ ስድስተኛውን ኢኒንግ መጨረስ ነው።

ስድስተኛው ኢኒንግ ለምን ራቀ?

ሎው ሐሳቡን ባቀረበበት በ1985 በርት ብላይሌቨን ብቻውን 24 ጨዋታዎችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወርውሯል። በቅርብ ዓመታት 30ዎቹ ቡድኖች በአንድ ላይ በ2,430 ጨዋታዎች እንዲህ ያለ ሙሉ ውሎ የሚያስመዘግቡት ከ40 ላነሰ ጊዜ ነው። በ2014 የቋሚ ወርዋሪ አማካይ ውሎ 6 ኢኒንግ ሊሞላ ትንሽ ይቀረው ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ከ5 ኢኒንግ ብዙም አይርቅም። ብቁ ውሎ በ2014 ከግማሽ በላይ የሆነ ድርሻ ነበረው፣ አሁን ወደ አንድ ሦስተኛ ወርዷል። በ1985 «ይህማ በጣም ቀላል ነው» ተብሎ የተተቸው መስፈርት ዛሬ ብዙ ወርዋሪዎች የማይደርሱበት ሆኗል።

ለዚህ የመጀመሪያው ምክንያት የመቺዎች ዙር ነው። ቡድኑ በቅደም ተከተል የሚመቱ 9 ሰዎች አሉት። መቺ አንድን ወርዋሪ በመጀመሪያ ሲያየው ይቸገራል፣ በሁለተኛው ይለምደዋል፣ በሦስተኛው የኳሱን አመጣጥ፣ ፍጥነቱንና መታጠፊያውን ያውቀዋል። የወርዋሪው ክንድም በዚያ ሰዓት ደክሟል። በብዙ ዓመታት መረጃ የተረጋገጠው ይህ ውጤት ከስድስተኛው ኢኒንግ ጋር ይጋጫል። 6 ኢኒንግ 18 አውት ነው፤ ሁለት ሙሉ ዙርም 18 መቺ ነው። አንድም መቺ አውት ሳይሆን ወደ ማረፊያ ጣቢያ (ቤዝ) ካልደረሰ ወርዋሪው ሦስተኛውን ዙር ሳይጋፈጥ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ቀን ግን ብርቅ ነው። ስድስት ሰዎች ከደረሱበት ስድስት መቺዎችን ለሦስተኛ ጊዜ መግጠም ግዴታው ነው። ብቁ ውሎ የሚባለው አደገኛው ዙር የሚጀመርበትን መስመር መሻገርን ይጠይቃል።

የሜጀር ሊግ ሻምፒዮን የሚለይበት ተከታታይ ፍልሚያ፣ የ2020 ዓለም አቀፍ ሲሪስ (ወርልድ ሲሪስ) ስድስተኛ ጨዋታ የዚህ ግጭት ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል። የታምፓ ቤይ ሬይሱ ብሌክ ስኔል በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ላይ 73 ኳስ ብቻ ወርውሮ 9 ሰዎችን አስቶ አሰናብቶ ነበር፤ ቡድኑ 1 ለ0 ይመራል። በስድስተኛው ኢኒንግ አንድ አውት እንዳለ ሁለተኛውን መልካም ምት አስተናገደ። አሠልጣኙ ኬቨን ካሽ ወጥቶ አወረደው። እስከዚያ የገጠማቸው መቺዎች ልክ 18 ነበሩ፤ ቀጣዩ ሙኪ ቤትስ ለሦስተኛ ጊዜ ሊገጥመው ነው። ቤትስ በተተኪው ወርዋሪ ላይ መታ፣ ዶጀርስ በዚያው ኢኒንግ መሪነቱን ወሰዱ፣ 3 ለ1 አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ። የካሽ ስሌት በብዙ ጨዋታ ድምር ሲታይ የሚደገፍ ነው። በዚያ ምሽት ግን ከፊቱ የቆመው ሰው አማካይ ወርዋሪ አልነበረም። ክርክሩ እስካሁን አልበረደም፣ መብረድም ያለበት አይመስለኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ጉልበት ነው። በ2008 የዋናው ፈጣን ውርወራ አማካይ በሰዓት 147 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በ2024 ወደ 152 ተጠግቷል። ወጣቱ ወርዋሪ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚመረጠው በፍጥነቱና ኳሱን በማጠፍ ችሎታው ነው፤ ክለቦች የሚፈልጉት ይህን እንደሆነ ያውቃል። በእያንዳንዱ ኳስ ሙሉ ኃይሉን የሚያወጣ ሰው ደግሞ መቶ ኳስ አይዘልቅም። ሜጀር ሊግ ራሱ በዲሴምበር 2024 ባወጣው የጉዳት ጥናት ከፍጥነትና ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል ከመወርወር ጋር የክንድ ጉዳት መጨመሩን አያይዞታል። የክርን ጅማትን የሚተካው፣ በ1974 በቶሚ ጆን ላይ ተሠርቶ በስሙ የተጠራው ቀዶ ሕክምና ዛሬ ለወርዋሪዎች የተለመደ ዜና ነው።

በዚህ ላይ በታምፓ ቤይ በኩል የመጣው «ኦፕነር» የሚባለው ስልት ታክሏል። በሜይ 2018 ቡድኑ የኋለኛ ሰዓት ተቀያሪ የነበረውን ሰርጂዮ ሮሞን ጨዋታ አስጀምሮ ከአንድ ኢኒንግ በኋላ አወረደው፤ ጠንካራዎቹን የመጀመሪያ መቺዎች ትኩስ ክንድ እንዲገጥማቸው ነበር። እዚህ ላይ ቋሚ የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ ላላ።

መግለጫው ሕግ ሊሆን ሲቃረብ

በኦገስት 2024 ሜጀር ሊግ ቋሚ ወርዋሪ ቢያንስ 6 ኢኒንግ እንዲሠራ የሚያስገድድ ሕግ እያጤነ መሆኑን የስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢኤስፒኤን ዘገበ። ወርዋሪው ቀድሞ መውረድ የሚችለው 100 ኳስ ከወረወረ፣ 4 ተጠያቂ ነጥብ ከተቆጠረበት ወይም ከተጎዳ ነው። የሎውን መለኪያ የሚያውቅ ሰው ቁጥሮቹን ወዲያው ይለያቸዋል፤ 6 ኢኒንግና ከ4 በታች ነጥብ። በጋዜጣ ገጽ ላይ የሆነውን ለመግለጽ የተፈጠረው መስመር መሆን ያለበትን ወደማዘዝ ተጠጋ።

የሐሳቡ ደጋፊዎች የሚያነሱት ነገር ክብደት አለው። ተመልካች ትኬት የሚገዛው የሁለት ታላላቅ ወርዋሪዎችን ፍልሚያ ለማየት ነው፤ ስማቸውን የማያውቃቸው ስድስት ተቀያሪዎች ሲመላለሱ ለማየት አይደለም። 6 ኢኒንግ መሥራት ግዴታ ከሆነ ወርዋሪው ጉልበቱን መቆጠብ ይማራል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ክንዱም ይተርፋል የሚል ተስፋም አላቸው።

ተቃዋሚዎች ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ይላሉ፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ለዓመታት በሙሉ ኃይል እንዲወረውር የሠለጠነ ወጣት ሕግ ስለወጣ ብቻ በአንድ ክረምት ልማዱን አይተውም። እስኪተወው ድረስ ያለውን ጊዜ የሚከፍለው በክርኑ ነው። ክለቦችም ገንዘቡን የሚያፈሱት አሁንም ለፍጥነት ከሆነ ወርዋሪው ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ ይደርሰዋል። በተጨማሪ ሕጉ የአሠልጣኙን ፍርድ ይወስዳል፤ የካሽን ውሳኔ የሚነቅፍ ሰው እንኳ የመወሰን መብቱን ላይነፍገው ይችላል።

መካከለኛ መንገዶችም ተሞክረዋል። አትላንቲክ ሊግ የተባለው ነጻ ውድድር በ2021 ቡድኑ ቋሚ ወርዋሪውን ሲያወርድ በወርዋሪው ፋንታ የሚመታውን ሰውም እንዲያጣ የሚያደርግ ሕግ ፈትኗል። ይህ አያስገድድም፤ ማውረዱን ውድ ያደርገዋል። ሜጀር ሊግም ከ2022 ጀምሮ ቡድን ከ26 ተጫዋቾች መካከል ከ13 በላይ ወርዋሪ እንዳይዝ ከልክሏል። የተቀያሪው መተኪያ ሲያጥር ቋሚው ትንሽ እንዲቆይ መገፋቱ አይቀርም፤ ቁጥሩ ወደ 12 ወይም ወደ 11 ቢወርድ ግፊቱ ይበረታል። ከግዴታው ይልቅ ይህ መንገድ የተሻለ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ክለቦች ረጅም የሚሠራ ወርዋሪን ራሳቸው ፈልገው እንዲያሠለጥኑ ያደርጋቸዋል።

የጃፓን ልምድ

ጃፓኖች መለኪያውን ከአሜሪካ ወስደው የራሳቸው አድርገውታል። 6 ኢኒንግና 3 ነጥብን በእንግሊዝኛው ምሕጻር «ኪውኤስ» ይሉታል፤ 7 ኢኒንግና 2 ነጥብ ደግሞ «ኤችኪውኤስ»፣ ከፍተኛ ብቁ ውሎ የሚባል ሁለተኛ ደረጃ አለው። ቋሚ ወርዋሪዎቻቸው በአብዛኛው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለሚሠሩ ክንዳቸው ያርፋል። በአሜሪካ በየአምስት ወይም ስድስት ቀኑ ይመለሳሉ።

ከዚያ ሥርዓት ወጥቶ በ2024 ዶጀርስን የተቀላቀለው ዮሺኖቡ ያማሞቶ በ2025 ዓለም አቀፍ ሲሪስ ለክርክሩ ትልቅ ምሳሌ ሰጠ። በሁለተኛው ጨዋታ ቶሮንቶን ገጥሞ 9ኙንም ኢኒንግ ብቻውን ሠራ፤ የተቆጠረበት 1 ነጥብ ነበር። በስድስተኛው ጨዋታ 6 ኢኒንግ ሠርቶ 1 ነጥብ አስተናገደ፤ እንደ ሎው መለኪያ ብቁ ውሎ ነው። በማግስቱ ምሽት በሰባተኛው ጨዋታ ተቀያሪ ሆኖ ተመለሰ፣ የመጨረሻዎቹን 8 አውቶች አስመዘገበ፣ ዶጀርስ በ11ኛው ኢኒንግ 5 ለ4 አሸንፈው ሻምፒዮን ሆኑ፤ እርሱም የሲሪሱ ኮከብ ተባለ። ያ የመጨረሻው ሥራው ግን በብቁ ውሎዎች ሒሳብ ውስጥ አልተመዘገበም። ጨዋታውን የጀመረው የቡድን ጓደኛው ሾሄይ ኦታኒ ነበር፤ እርሱም ሦስተኛውን ኢኒንግ ሳይጨርስ ወርዷል።